የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች፣ ቀን እንዴት ነው የምትተኙት?

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ቨርጂኒያ ውስጥ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሌሊት ሌሊት እሠራለሁ። ጠዋት ስገባ ድካሙ ይጥለኛል። ግን ብዙም ሳልቆይ እነቃለሁ፣ ከዚያ ጣሪያ ላይ ማፍጠጥ ነው።

ጥቁር መጋረጃ ሰቅያለሁ። ስልኬንም አጠፋለሁ፤ አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቼ የሚደውሉት ልክ ስተኛ ነው፣ እዚያ ከሰዓት በኋላ ነዋ! ቡና መተው ግን አልቻልኩም። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ስድስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ የመጨረሻውን ስኒ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ እጠጣለሁ። ትንሽ ረድቶኛል።

ዋናው ችግር የዕረፍት ቀኔ ነው። ከልጆቼ ጋር ለመዋል ስል ሌሊት እተኛለሁ። ወደ ሥራ ስመለስ ሰውነቴ ቀኑን ከሌሊቱ መለየት ያቅተዋል።

እናንተ በዕረፍት ቀን ምን ታደርጋላችሁ? ጠዋት ብርሃን እንዳያነቃ ጥቁር መነጽር አድርጎ መመለስስ ጠቅሟችኋል? ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ክኒን የወሰዳችሁም ካላችሁ ንገሩኝ፤ የደም ግፊት መድኃኒት ስለምወስድ ሐኪሜን ሳልጠይቅ አልጀምርም።

ትኩስ ወተት የሚለውን ምክር እናቴ ቀድማችኋለች።