አንገቱ የተጎዳ ወንድሜ ሲቀመጥ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ምን እናድርግ?

ጥያቄ (እህቱ፣ ከደሴ ሆጤ)
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ ግንባታ ላይ ሲሠራ ከፎቅ ወድቆ አንገቱ ተጎዳ። ሐኪሞቹ ጉዳቱ ሲ5 (5ኛው የአንገት ክፍል) ላይ ነው ብለውናል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አሁን ቤት ገብቷል። ያስጨነቀን ትንፋሹ ነው። ሲተኛ ደህና ነው፣ ዊልቸር ላይ ስናስቀምጠው ግን ያጥረዋል። አክታ ሲይዘውም አስሎ ማውጣት ያቅተዋል። እናታችን ልቡ ነው ብላ ፈርታ "ከአልጋ አታንሱት" ትላለች። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩን።

መልስ (ፊዚዮቴራፒስት)
አብሽሪ እህቴ። እንዲህ ዓይነት ጉዳት ላይ ይሄ የተለመደ ነው። ትንፋሽ የሚስበው ዋናው ጡንቻ ከሳንባ ሥር ያለው ድያፍራም ነው። ነርቩ የሚነሳው ከአንገት ከ3ኛው እስከ 5ኛው ክፍል፣ አብዛኛው ከጉዳቱ በላይ፣ ስለሆነ ወንድምሽ አየር መሳብ ይችላል። የጎድንና የሆድ ጡንቻዎቹ ግን ትእዛዝ አይደርሳቸውም። ሲቀመጥ የላላው ሆድ ወደፊት ይወድቃል፣ ድያፍራሙም አብሮት ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ለመሳብ የሚወርድበት ቦታ ያጥረዋል። ሲተኛ ሆዱ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ለዚህ ነው የሚቀለው። ሲቀመጥ ሆዱን ደግፎ የሚይዝ የሆድ ቀበቶ ይረዳዋል። ለእናትሽም በደንብ አስረጃቸው፤ ሁሌ ተኝቶ መዋል ለሳንባም ለቆዳም ጥሩ አይደለም። ቀስ በቀስ ይቀመጥ። ማጠሩ በድንገት ከባሰ፣ ደረቱን ካመመው ወይም አንድ እግሩ ካበጠ ግን የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዱት።

መልስ (ልጇን የምታስታምም እናት፣ ኮምቦልቻ)
እኔን ያስፈራኝ የነበረው አክታው ነው። ሳል ጉልበት የሚያገኘው ከሆድ ነው፣ እነሱ ደግሞ ያ የላቸውም። አክታው ሲጠራቀም የሳንባ ምች ይሆናል። እኛን ፊዚዮቴራፒስቷ በእጅ ማሳል አስተማረችን። መዳፍሽን ከጎድኑ በታች፣ ከእምብርቱ ከፍ አድርገሽ ታስቀምጫለሽ። እሱ በደንብ ይስባል። ልክ ሲያስል ወደ ውስጥና ወደ ላይ ትገፊያለሽ። አብራችሁ ካልሆነ አይሠራም። እንደበላ አይደረግም፣ የጎድን ስብራት ካለበትም አይሆንም። ቀዶ ሕክምናም ስላለው ሐኪሙ ይፍቀድ፣ መጀመሪያም ባለሙያ እያያችሁ ተለማመዱ። ደግሞ ቡና ስታፈሉ እጣኑንና ከሰሉን ከእሱ ክፍል አርቁለት። የደሴን ብርድ አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም በር ዘግታችሁ ከሰል እንዳታነዱበት፣ አደራ።

መልስ (ራሱ ጉዳቱ ያለበት)
ወንድሜን በርታ በይልኝ። እኔ ትንፋሽ መደራረብ እሠራለሁ፦ አየር እስባለሁ፣ ሳላስወጣ በላዩ እደግማለሁ፣ እሠልሳለሁ፣ ከዚያ እለቃለሁ። ድምፄም ሳሌም በዚህ ይሻሻላል። የኦክስጅን መለኪያ ከገዛችሁ ደህና በሆነበት ቀን ስንት እንደሚያሳይ ጻፉት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ቁጥሩ ከቆላው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ከራሱ ልማድ ሲወርድ፣ ትኩሳት ሲመጣ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ወይም ከንፈሩ ሲጠቁር ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዱት።

ጥያቄ (እህቱ)
እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴም አንብቤላት ትንሽ ቀለል አላት። ቀበቶው ጎድኑን ይሸፍናል ወይ?

መልስ (ፊዚዮቴራፒስት)
አይሸፍንም። ከጎድን በታች ጀምሮ እስከ ዳሌ ነው። ጎድኑን ከጫነው ትንፋሹ ይብስበታል። ሲተኛ ፍቱለት። ስለማይሰማው ቆዳው መቅላቱንና መላጡን በየቀኑ እዩለት።