ደብረ ብርሃን ላይ ጂ ፕላስ 1 ልጀምር ነው፣ ሲሚንቶ የሚቀነስበት መንገድ ካለ ምከሩኝ

ባሶና27፦
ሰላም ቤተሰብ። ለወላጆቼ ቤት ልሰራ ፕላኑ አልቋል፣ የወጣልኝን የሲሚንቶ ብዛት ሳይ ደነገጥኩና ማንበብ ጀመርኩ። በዓለም ላይ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ከ7 እስከ 8 በመቶው ከሲሚንቶ ነው የሚመጣው ለካ። እኔ ደግሞ የኛ ሀገር መብራት ከውሃ ስለሆነ እኛን አይመለከተንም ብዬ ነበር የማስበው። አባዬ የተወለደበት ጭቃ ቤት እስካሁን ቆሟል፣ ባለፈው መስኮት ልናሰፋ አንዱን ጎን ስንንደው ከምርጉ ውስጥ የወጣው ጭድ ትናንት ከአውድማ የመጣ ነው የሚመስለው፣ ቢጫነቱ እንኳ አልጠፋም። ግድግዳውን በጭቃ ባደርገውስ? ቤቱን በሚሸከመው ስትራክቸር ላይስ የሚቀነስ ነገር አለ? አባዬ ደስ ብሎታል፣ እማዬን ግን "ከተማ ውስጥ ጭቃ ቤት ሰራችላቸው ይሉናል" ብላ ከፍቷታል።

ሳይት ላይ ነኝ፦
እህቴ ነገሩ የመብራት ብቻ አይደለም፣ ጋዙን በብዛት የሚለቀው ሲሚንቶ የሚሰራበት ድንጋይ ራሱ ነው። 100 ኪሎ ንፁህ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 44 ኪሎው ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፣ በምንም አቃጥይው በምን። ስለዚህ መቀነስ ያለበት ክሊንከሩ ነው፣ ድንጋዩ ከተቃጠለ በኋላ የሚወጣውና ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው። ፒፒሲ በሚባለው ሲሚንቶ ውስጥ ከክሊንከሩ የተወሰነው በፓሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ተተክቷል፣ እሱን ደግሞ ስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራው አብስሎ አስቀምጦልናል። ኮንትራክተሩ "ለስትራክቸር ኦፒሲ ካልሆነ" ብሎ ድርቅ ሊልብሽ ይችላል (ኦፒሲ ከሞላ ጎደል ክሊንከር ብቻ የሆነው ሲሚንቶ ነው)፣ ፒፒሲ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ፎርም (ኮንክሪቱ የሚፈስበትን ጣውላ) ቶሎ ፈትቶ መሄድ አይመቸውም። ያንቺ ቦታ ብርድ ደግሞ የባሰ ያዘገየዋል፣ ህዳርና ታህሳስ ሌሊቱን ውርጭ ነው። እና ዲዛይን የሰራልሽን መሃንዲስ አማክረሽ እሺ ካለ የሶሌታውን (የፎቁን ኮንክሪት ወለል) ድጋፍ ለመንቀል አትቸኩዪ፣ ሁለት ሳምንት ውሃ አይለየው፣ ማታ ማታ ጆንያ አልብሱት።
ትልቁ ብክነት ግን ሚክሰሩ አፍ ላይ ነው ያለው። ሰራተኛው እንዲቀለው ውሃ ይጨምራል፣ ኮንክሪቱ ይቀጥናል፣ ፎርማኑ ይደክምብኛል ብሎ ይፈራና ሌላ ከረጢት ያስጨምራል። እኛ ሳይት ባልዲው ላይ በቀለም መስመር አስምረን ከዛ እንዳያልፍ አደረግን፣ አሸዋና ጠጠሩም በአካፋ ግምት መሆኑ ቀርቶ በሳጥን ሆነ፣ በሳምንቱ "አንድ ከረጢት ጨምር" የሚባል ነገር ቀረ።

ምርግ ወዳድ፦
አርክቴክት ነኝ፣ ያደግኩትም ጭቃ ቤት ነው። ኮለንና ቢሙ (ቋሚና አግዳሚ ተሸካሚው) ኮንክሪት ይሁን፣ ጭቃው ክብደት አይሸከም፣ ከፍሬሙም ጋር በደንብ ይታሰር፣ እዚህ ላይ እባክሽ አትደራደሪ። በ1953 ዓ.ም ማጀቴን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እኮ እዛው ሰሜን ሸዋ ነው፣ በ2017 ታህሳስም ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሳው አዲስ አበባ ድረስ ነቅንቆናል። ግድግዳው ላይ ግን ብሎኬቱ፣ ማያያዣው፣ ልስኑ ሁሉ ሲሚንቶ ነው፣ ምንም ሳይሸከም። ያን ነው በጭቃ የምትተኪው። ጭዱም ተክል እያለ ከአየር የሳበውን ካርቦን ግድግዳሽ ውስጥ ይዞ ይቀመጣል፣ ያ ያየሽው ቢጫ ጭድ ማለት ነው።
የጭቃ ጠላት ውሃ ነው። የግድግዳውን ታች ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል በድንጋይ አንሺው፣ ጣሪያውም ከግድግዳው በደንብ አልፎ ይውጣ። ጭቃው ከጭዱ ጋር ሳምንት ሁለት ሳምንት ተቦክቶ ይክረም፣ እስኪሸት፣ በየሁለት ቀኑ ይረገጥ። ላዩን በሲሚንቶ እንዳታስለስኚ! የኛን ቤት አባቴ ዘመናዊ ይሁን ብሎ አስለሰነው፣ በሁለተኛው ክረምት እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ልስኑ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወደቀ። በጭቃ ወይም በኖራ ይለሰን።

ከሽቱትጋርት፦
ለእማዬ ይህን ንገሪልኝ። ጀርመን ልስን ነው ስራዬ፣ እዚህ የጭቃ ልስን በከረጢት ተዘጋጅቶ ይሸጣል፣ ከሲሚንቶው ይወደዳል፣ የሚያስለስኑትም ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ ቤቱ አየሩ ጥሩ ይሆናል ብለው። መጀመሪያ ቀን ከረጢቱን ከፍቼ ውሃ ሳደርግበት ሽታው አያቴ ቤት ወሰደኝ፣ እውነቴን ነው እንባዬ መጣ።

የገበሬ ልጅ፦
ሀሳቡ ጥሩ ነው ግን ጭድ የከብት ምግብ መሆኑን አትርሱ። በበጋው መጨረሻ ላይ ብትገዢ ከላም አፍ እየነጠቅሽ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። ጥር ላይ አውድማው ሳይጠረግ ግዢ። የጤፍ ይሁን፣ ከገብሱ ይልቅ ቀጭን ስለሆነ ጭቃውን አጥብቆ ይይዛል፣ ለናንተ ምንጃር አለላችሁ።

ባሶና27፦
እግዚአብሔር ያክብራችሁ ሁላችሁንም። መሃንዲሱ ለኮለን ኦፒሲ፣ ለመሰረትና ለሶሌታ ፒፒሲ ብሎ ተስማምቷል፣ ፎርሙ እንዲቆይ በውሉ ላይ አስገብተናል። የሽቱትጋርቱን ለእማዬ አነበብኩላት፣ ዝም ብላ ቆየችና "እንግዲህ ኖራው ነጭ ይሁን" አለችኝ። አሁን የቸገረኝ መርጋዮቹ ናቸው፣ የድሮዎቹ አርጅተዋል። ደብረ ብርሃን ወይ አንጎለላ አካባቢ ምርግ በደንብ የሚያውቅ ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።