በመስቀል አደባባይ ሥር የሚፈነዳ ቦምብ፦ በ2092 ዓ.ም. የሚፈጸም ልብ ወለዴ እንዴት አሳማኝ ይሁን?

ጠያቂ (ከአራት ኪሎ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እየጻፍኩት ያለው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በ2092 ዓ.ም. በመሐል አዲስ አበባ የሚፈጸም ነው። ታሪኩ የሚነሣው አንድ ምሽት በመስቀል አደባባይ ሥር ባለ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በሚፈነዳ ቦምብ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮች ከመስቀል አደባባይ እስከ ሜክሲኮ በአንድ ሐዲድ ስለሚጓዙ፣ ቦታው ወደፊትም የከተማዋ ዋና መተላለፊያ ሆኖ እንደሚቀጥል ገምቼ መረጥኩት።

ፍንዳታው ከደረሰ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከለገሃር እስከ ፒያሳ በሕንፃዎች ላይ የተሰቀሉ ስክሪኖች ሁሉ የአንዲትን ወጣት ፊት ያወጣሉ። ወጣቷ የከተማ አስተዳደሩን ውሎች ስትመረምር የቆየች ኦዲተር ናት፤ ሪፖርቷን ለምክር ቤቱ ለማቅረብ የቀራት ጥቂት ቀን ነው። በማግስቱ ከአንድ የታጣቂ ቡድን መሪ ጋር ስትነጋገር ተቀረጸ የተባለ ድምፅ ይለቀቃል። ቦምቡን ያፈነዳው በእርግጥ ታጣቂ ቡድኑ ነው፤ ባለሥልጣናቱ ፍንዳታውን አላዘዙትም፣ ደረሰላቸው እንጂ።

ረቂቁን ያነበቡልኝ ወዳጆቼ ሁለት ነገር አልዋጥላቸው ብሏል። አንደኛው፣ ከተማዋን በአንድ ክፍል ተቀምጠው የሚያዝዙ ሰባት ሰዎችን መፍጠሬ ነው። ሁለተኛው፣ ሐሰተኛውን ድምፅ የሚሠራው ማሽን ፍጹም እንከን የሌለው በመሆኑ ኦዲተሯ ነፃ የምትወጣበት በር መታጣቱ ነው። ይህን መጽሐፍ የምጽፈው ልጆቼ በዚህች ከተማ ሲያድጉ ዜና ሰምተው ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው እንዲያውቁ ስለምፈልግ ነው። በዜና፣ በመንግሥት ግዥ፣ በታሪክ ወይም በድምፅ ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ ውሸት ያለ አንድ አዛዥ ከተማን እንዴት እንደሚሞላ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ (ጡረታ የወጣ የዜና አርታዒ)

ልጄ፣ ሰባቱን ሰዎች ከመጽሐፍህ አስወጣቸው፤ በስክሪኖቹ ላይ የሚታየውንም ምስል ማሽን አይፍጠረው። ሕዝብን የሚያሳምን የዜና ቅጥፈት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከእውነተኛ ቁርጥራጭ ነው።

ለዚህ ከአዲስ አበባ የራቀ ምሳሌ አያስፈልግም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስለ ወሎ ረኃብ የሠራውን ፊልም አሳየ። ፊልሙ ግን ጋዜጠኛው እንደሠራው አልቀረበም። በረኃብ በሚያልቁት ሰዎች ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሡ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲመግቡ የሚያሳዩ ትዕይንቶች ተሰክተውበት ነበር። ረኃቡ እውነት ነበር፤ መንግሥት መደበቁም እውነት ነበር፤ ግብዣውም ተደርጓል። በአርትዖት ክፍሉ የተፈጠረው የምስሎቹ መጋጠም ብቻ ሲሆን፣ በማግስቱ ንጉሡ በትንሿ ቮልስዋገን ሲወሰዱ ሕዝቡ አስቀድሞ ፈርዶባቸው አድሮ ነበር። ያው ደርግ በ1977 ዓ.ም. መስከረም የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ በወሎና በትግራይ የተነሣውን ሌላ ረኃብ በተራው ደብቋል። ያን ጊዜ ግብዣውንና ረኃቡን ጎን ለጎን አድርጎ በቴሌቪዥን የሚያሳይ አልተገኘም።

ስለዚህ ኦዲተርህ በዚያ ምሽት በእርግጥ በጣቢያው ትለፍ። ቦርሳ ትያዝ፤ ከሦስት ወር በፊት ከአንድ የምክር ቤት አባል ጋር ስትከራከርም ካሜራ አይቷት ይሁን። ሦስቱን ምስሎች ማገጣጠም ብቻ ይበቃል።

ያለ አዛዥ እንዴት ይሰራጫል ላልከው፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2004 በማድሪድ የሆነውን ተመልከት። በባቡሮች ላይ በደረሰው ፍንዳታ ከ190 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ምርጫው ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ለታላላቅ ጋዜጦች አዘጋጆች ስልክ ደውለው አድራጊው የባስክ ታጣቂ ቡድን መሆኑን ነገሯቸው፤ አንዱ ታላቅ ጋዜጣም ይህንኑ በልዩ እትሙ ርዕስ አደረገው። ጥቃቱን ያደረሱት በአልቃይዳ አስተሳሰብ የተነሣሡ ሰዎች ነበሩ። አዘጋጆቹ ጉቦ አልበሉም፤ የመንግሥት መሪ ደውሎ ሲናገር አምነው ነው የጻፉት። በአንተም ከተማ አንድ ስልክና የሚቸኩል የዜና ክፍል ይበቃል። ስፔናውያን ግን እውነቱን በስልክ መልእክት እየተቀባበሉ አደባባይ ወጡ፤ ገዢው ፓርቲም በምርጫው ተሸነፈ።

መልስ (የግዥ ኦዲት ባለሙያ፣ ሜክሲኮ አካባቢ)

በግዥ ሥራ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ሙስና በጠረጴዛ ሥር በሚያልፍ ፖስታ አያበቃም። የጨረታው ዝርዝር መግለጫ አንድ አቅራቢ ብቻ እንዲያሟላው ተደርጎ ሲጻፍ፣ የተጋነነ ዋጋ «አስቸኳይ» ተብሎ ያለ ውድድር ሲጸድቅ፣ ዕቃው ሳይፈተሽ የርክክብ ሰነድ ሲፈረም፣ እያንዳንዱ ፊርማ ለብቻው ሕጋዊ ይመስላል። ሽብር ባለበት አገር ደግሞ «አስቸኳይ» የተባለውን ነገር ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም።

ኤዲኢ 651 ስለሚባለው መሣሪያ ሰምተው ይሆናል። ፈንጂ ይፈልጋል ተብሎ ለኢራቅ መንግሥት በአስር ሚሊዮኖች ዶላር የተሸጠ፣ እጀታ ላይ አንቴና የተተከለበት ዕቃ ነው። በውስጡ የሚሠራ ምንም ነገር አልነበረውም፤ መነሻውም የጠፋ የጎልፍ ኳስ ያገኛል ተብሎ በ20 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረ መጫወቻ ነው። የባግዳድ ኬላዎች ወታደሮች ይህንን ይዘው መኪናዎችን ሲያሳልፉ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ፈንጂ የጫኑ መኪናዎች እየገቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደሉ። ሻጩ ጄምስ ማኮርሚክ እ.ኤ.አ. በ2013 በለንደን 10 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በባግዳድም የፈንጂ ማምከን ኃላፊ የነበረ ጄኔራል በሙስና ተቀጥቷል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ከፍርዱ በኋላ መሣሪያው በኬላዎች ላይ መቆየቱ ነው። እንዲነሣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያዘዙት እ.ኤ.አ. በ2016፣ ካራዳ በተባለው ሰፈር ከደረሰው አሰቃቂ ፍንዳታ በኋላ ነበር። የማይሠራ መሆኑን ማመን፣ የፈረመውንና የከፈለውን ሁሉ መጠየቅን ያስከትል ነበርና።

ስለዚህ ኦዲተሯ የምትመረምረው ውል የጣቢያው በር ላይ የቆመውን የፍተሻ መሣሪያ ግዥ ይሁን። በፍንዳታው ምሽት ከተማዋ የምትጠይቀው ጥያቄ «ቦምቡ በፍተሻው እንዴት አለፈ?» የሚል መሆን ነበረበት። ርክክቡን የፈረመው ሰው ያ ጥያቄ እንዳይነሣ ሌላ ጥያቄ ይፈልጋል፤ «ይህች ሴት ማን ናት?» የሚለውን። አንድ የሚፈራ ፈራሚ ካለ ሰባት ሰው አያሻም። ካሜራዎቹን የሚያስተዳድረው ድርጅትም የመሣሪያው አቅራቢ እኅት ኩባንያ ቢሆን ሰንሰለቱ ይሞላል።

መልስ (የታሪክ መምህር፣ ስድስት ኪሎ)

ሽብር፣ ሙስናና የተገዛ ሚዲያ በአንድ ከተማ ሲገናኙ ማየት ከፈለጉ እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹን ሊማ ያጥኑ። ፔሩ በሴንዴሮ ሉሚኖሶ ታጣቂዎች ትታመስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1992 በዋና ከተማዋ የታራታ መንገድ የፈነዳው ቦምብ ብቻ ከ20 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በዚህ ፍርሃት ውስጥ የደኅንነቱ ሹም ቭላዲሚሮ ሞንቴሲኖስ ዳኛውን፣ ፖለቲከኛውንና የቴሌቪዥን ባለቤቱን በየተራ ገዛ። ጉቦውን ሲሰጥ ራሱ በድብቅ ይቀርጽ ስለነበር ዋጋው ሁሉ ታውቋል። ለዳኞችና ለፖለቲከኞች በወር በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሲከፍል፣ ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ባለቤት ግን በወር 1.5 ሚሊዮን ዶላር ይሰጥ ነበር። አንድ ዳኛ ቢያምፅ ሌላ ዳኛ ይሽረዋል፤ አንድ ጣቢያ ቢያምፅ ግን አገር ሁሉ ይሰማል። አንዱን ጣቢያ ሳይገዙ መተው ሌሎቹን በከንቱ እንደመግዛት ነው።

የሆነውም ይኸው ነው። ስለ ስቃይና ስለ ሹሙ ገቢ የዘገበው ጣቢያ ባለቤት ባሩክ ኢቭቸር እ.ኤ.አ. በ1997 ዜግነቱን ተነጥቆ ጣቢያው ተወሰደበት። ካናል ኤን የተባለው በክፍያ የሚታይ አነስተኛ ጣቢያ ግን አልተገዛም፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 2000 ከድብቅ ቅጂዎቹ አንዱን አሳየ፣ መንግሥቱም በሁለት ወር ገደማ ወደቀ። በመጽሐፍዎ ውስጥ ማንም ሊገዛው ያልደከመበት ትንሽ ጣቢያ ያስቀምጡ። የታጣቂዎቹን መሪ የያዘው ደግሞ የሞንቴሲኖስ መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ከአንድ የዳንስ ትምህርት ቤት የሚወጣውን ቆሻሻ በትዕግሥት ሲመረምር የከረመ የፖሊስ ቡድን ነበር። እውነተኛውን አድራጊ የሚፈልጉ እንዲህ ያሉ ሰዎች በታሪክዎ ውስጥ ቢኖሩ፣ የስክሪኖቹ ጩኸት ምን እንዳበላሸባቸው ይታያል።

ከዚሁ ሰፈራችን አንድ ልጨምር። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የፈጸሙትን የአርበኝነት ሥራ ከሽብር ጋር አላመሳስለውም፤ የማነሣው ወራሪው ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው። ግራዚያኒ በቦምቡ አሳብቦ የተማሩትን ወጣቶች አስጨረሰ፤ በግንቦትም ተባባሪ ናችሁ ብሎ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት አስፈጀ። ተጠርጣሪዎቹ የተመረጡት ከምርመራ በፊት ነበር። ዛሬ በሐውልቱ ሥር የሚያልፍ ተማሪ ሁሉ ይህን ቢያውቅ እመኛለሁ።

መልስ (የመጽሐፍ ቤት ሠራተኛ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ)

በጥያቄውም በመልሶቹም ውስጥ የሞቱት ሰዎች አልተነሡም። በመስቀል አደባባይ ጥግ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የገባ ሰው በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ፎቶዎች አይረሳቸውም። በጣቢያው ከሞቱት መካከል ቢያንስ የአንዱን ቤተሰብ በታሪኩ ውስጥ እስከ መጨረሻው ያቆዩልን። ሐሰተኛው ክስ ኦዲተሯን ብቻ የበደለ አይደለም፤ እነርሱም የልጃቸውን ገዳይ እንዳያውቁ አድርጓል።

መልስ (የድምፅ ባለሙያ፣ ፒያሳ)

ስለ ድምፁ ቅጂ በር አለልዎት። በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ የሚቀረጽ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ጆሮ የማይለየው፣ ዝቅ ያለ የማያቋርጥ ድምፅ ይይዛል፤ የእኛ መስመር በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ነው። ቁጥሩ ግን በትክክል 50 ላይ አይቆምም፤ በአገሪቱ ያለው ፍጆታ ሲጨምርና ሲቀንስ በጥቂቱ ይዋዥቃል፣ ውዥቀቱም በአንድ ጊዜ በመላው መረብ ላይ አንድ ዓይነት ነው። የፎረንሲክ ባለሙያዎች ይህን ከተቀመጠ መዝገብ ጋር አስተያይተው አንድ ቅጂ መቼ እንደተሠራና መሐሉ ተቆርጦ እንደሆነ ይለያሉ።

አሁን ሐሰተኛው ድምፅ ረቡዕ ማታ በአራት ኪሎ ተቀረጸ ተብሎ ይቅረብ። ያን ምሽት በሰፈሩ መብራት ጠፍቶ እንደነበር ኦዲተሯ ታስታውሳለች። በጄኔሬተር የሚሠራ ቤት ድምፅ ከመስመሩ የተለየ ውዥቀት አለው። ቅጂው ግን የጸዳ የመስመር ኃይል ድምፅ ይዟል፤ ማሽኑ እንከን የሌለውን ምሽት ስለሠራ ተያዘ ማለት ነው።

ጠያቂ

ጋሼ፣ ሰባቱ ሰዎች ዛሬ ከረቂቁ ወጥተዋል። የግዥ ባለሙያዋ እኅቴ የሰጠሽኝ የፍተሻ መሣሪያ ውል የታሪኩ ዋና ገመድ ይሆናል፤ ከሟቾቹም የአንዲት የሻይ ሻጭ እናት ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ ፍርድ ቤቱ ትዘልቃለች። የድምፅ ባለሙያው ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የመስመሩ ውዥቀት መዝገብ በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ብቻ ካለ የፈራው ባለሥልጣን ያጠፋዋል። አንድ ግለሰብ ሊይዘው ይችላል?

መልስ (የድምፅ ባለሙያ፣ ፒያሳ)

ይችላል። ከግድግዳ ሶኬት በትንሽ ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ዝቅ አድርጎ ወደ መቅጃ ማስገባትና ሳያቋርጡ መቅዳት ብቻ ነው የሚጠይቀው። መረቡ አንድ ስለሆነ ደግሞ መዝጋቢው አዲስ አበባ መኖር አያስፈልገውም። ድሬዳዋ ውስጥ የሚኖር አንድ ጡረተኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለዓመታት ሲመዘግብ የቆየውን ካርድ ለኦዲተሯ ጠበቃ ሊልክላት ይችላል፤ የመሐል ከተማው ባለሥልጣን ያ ሰው መኖሩንም አያውቅም።