ቬክተር * 2 ይሠራል፤ 2 * ቬክተር ግን ለምን እምቢ ይላል?

ጀማሪ_ኮደር፦
ሰላም ለሁላችሁ። በፓይተን ቬክተር የሚባል ክላስ (የራሴን የዳታ ዓይነት) እየጻፍኩ ነው። የ* ምልክት እንዲሠራለት «መል» የሚባለውን ሜተድ (የክላሱን ፈንክሽን፣ ስሙ ፊትና ኋላው ሁለት ሁለት የታች ሰረዝ ያለውን) ጻፍኩለት። ቪ የሚባል ቬክተር ፈጥሬ ቪ * 2 ስለው ቆንጆ አድርጎ ያባዛል። 2 * ቪ ስለው ግን ታይፕ ኤረር (የዓይነት ስህተት) ያመጣል። ማባዛት እኮ ግራና ቀኙ ቢቀያየርም ያው ነው። ምን ጎደለው?

የኮድ_ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ ፓይተን ይህን የሂሳብ ሕግ ስላንተ ክላስ አያውቅም። በግራ ያለውን አስቀድሞ ይጠይቃል፣ በቃ። ቪ * 2 ላይ የሚጠየቀው ቬክተርህ ነው፤ መልስ አለው። 2 * ቪ ላይ ግን ተጠያቂው ኢንት (የሙሉ ቁጥር ዓይነት) ነው። ኢንት ያንተን ቬክተር ከየት ያውቀዋል? «ኖትኢምፕለመንትድ» ብሎ ይመልሳል፤ እኔ አልችልም፣ ሌላውን ጠይቅ ማለቱ ነው። ያኔ ፓይተን ወደ ቀኝ ዞሮ ቬክተርህ ውስጥ «አርመል» የሚባል ሜተድ (እንደ «መል» በታች ሰረዞች የታጠረ፣ ቬክተርህ በቀኝ ሲቆም የሚጠራ) ይፈልጋል። ሲያጣው ነው ኤረሩ የሚመጣው።

ስለዚህ «አርመል»ን ጨምር። ውስጡ አዲስ ስሌት አያስፈልገውም፤ ለ«መል» ያስተላልፍ። (ማትሪክስን በማትሪክስ ስታባዛ ግን እንዲህ አይሆንም፤ እዚያ ግራና ቀኝ ሲቀያየር ውጤቱም ይቀየራል።)

አደራ የምልህ፦ የማታውቀው ዓይነት ሲመጣብህ አንተም ኖትኢምፕለመንትድን መልስ እንጂ እዚያው ኤረር አትወርውር። ከወረወርክ በቀኝ ያለው ሳይጠየቅ ይቀራል። ነገ ሌላ ሰው ከቬክተርህ ጋር የሚባዛ ክላስ ቢጽፍ በሩን ዘጋህበት ማለት ነው።

ሲ_ፕላስ_ፕላስ_ሰው፦
በኛም ቤት ያው ነው። ኦፐሬተሩን ሜምበር ፈንክሽን ካደረግከው በግራ የሚቆመው የክላሱ ኦብጀክት መሆን አለበት። 2 * ቪ እንዲሠራ ፈንክሽኑን ከክላሱ ውጭ ጻፈው። ለማተሚያው << ም እንደዚሁ።

ጀማሪ_ኮደር፦
ሠራ! እግዜር ይስጥልኝ። ለዶት ፕሮዳክት (የሁለት ቬክተሮችን ተጓዳኝ ቁጥሮች አባዝቶ መደመር) ደግሞ ^ን ልጠቀም አስቤያለሁ። ምን ትላላችሁ?

የኮድ_ወዳጅ፦
እባክህ ተው። ኦቨርሎድ ስታደርግ (ለአንድ ምልክት በክላስህ የራስህን ሥራ ስትሰጠው) ምልክቱ የሚሠራው ሥራ ይለወጣል፤ የስሌት ቅድሚያው ግን እንደነበረ ይቆያል። ^ ደግሞ ከ+ በኋላ ነው የሚሰላው። ሀ ^ ለ + 1 ብለህ ብትጽፍ መጀመሪያ ለ + 1 ይደመራል። ቬክተርህ ከቁጥር ጋር መደመር የሚችል ከሆነ የተሳሳተ ውጤት ያለ ምንም ኤረር ይወጣልሃል። እንዲህ ያለውን ስህተት ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። @ አለልህ። በ2015 ከፓይተን 3.5 ጋር ለማትሪክስ ብዜት የገባ ነው፣ ቅድሚያውም ከ* እኩል ነው። ነምፓይም (የፓይተን የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) የሁለት ቬክተሮችን ዶት ፕሮዳክት በሱ ያሰላል፤ ኮድህን የሚያነብ ሰው አይደናገርም።

ጃቫ_ብቻ፦
ጃቫ ይህን ሁሉ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። + ለስትሪንግ (ለጽሑፍ) ተፈቀደ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ሰላም ነው።

የኮድ_ወዳጅ፦
ሰላሙ በቢግዴሲማል (የጃቫ የአስርዮሽ ቁጥር ክላስ) ረጅም ቀመር እስክትጽፍ ነው። መደመሩም ማባዛቱም በሜተድ ጥሪ ሲሆን ቀመሩን ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ፈተና ነው። ለቁጥር መሰል ነገር ኦቨርሎዲንግ ተገቢ ቦታው ነው፤ ለ«ተጠቃሚ + ትዕዛዝ» ዓይነት ነገር ግን ስም ያለው ሜተድ ጻፉ።

ጀማሪ_ኮደር፣ == ን ስትደርስበት ደግሞ ልብ በል፦ ለእኩልነት «ኢኪው»ን ብቻ ከጻፍክ ፓይተን 3 የክላሱን «ሃሽ» (ኦብጀክቱን በቁጥር የሚወክለውን ሜተድ) «ነን» (None፣ ማለትም ባዶ) ያደርገዋል። ቬክተርህ የዲክሽነሪ (እሴቶችን በቁልፍ የሚያስቀምጥ ማከማቻ) ቁልፍ መሆን አይችልም። ከፈለግከው «ሃሽ»ንም አብረህ ጻፍ፤ ያኔ ግን የቬክተሩ ቁጥሮች ኤክስና ዋይ ከተፈጠሩ በኋላ አይቀየሩ።