ደጀን ላይ ሞተሩ ከጠፋ አልነሳ የሚል ሃይሉክስ

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። መኪናው 3ኤል የናፍታ ሞተር ያለው አሮጌ ሃይሉክስ ነው። ጠዋት ማርቆስ ላይ በዚያ ውርጭ እንኳ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ ደጀን ሲወጣ ሞተሩ ከጠፋ ግን አለቀለት። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) በኩል አንዴ «ጠቅ» ይልና ዝም። ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። ባትሪው አዲስ ነው፣ 12.6 ቮልት ያሳያል። አንዱ ሞተሪኖ ቀይር ይለኛል፣ ሌላው ማሞቂያ ካንዴላ ነው ይላል። ከየት ልጀምር?

ዳሞት ኤሌክትሪክ፦
ካንዴላውን ተወው። እሱ የሚያስቸግረው ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አልይዝ ሲል ነው፤ ያውም በብርድ። ያንተ ጭራሹን አይዞርም።

በመጀመሪያ የፊት መብራት አብራና ቁልፉን አዙር። «ጠቅ» ሲል መብራቱ ድርግም ካለ ባትሪው ደክሟል ወይም ባትሪው ላይ የሚታሰሩት ጫፎች ላልተዋል። መብራቱ እንዳለ ቦግ ብሎ ከቆየ ባትሪው ጤነኛ ነው፣ ኃይሉ ግን ሞተሪኖው ውስጥ አልገባም ማለት ነው።

ቀጥሎ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያዝ። መኪናው እንቢ ባለበት ሰዓት፣ ሰው ቁልፉን ይዞ እያለ ለካ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ መለካት ዋጋ የለውም።
ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሶሌኖይዱ (ቁልፉ ሲዞር ኃይሉን ወደ ሞተሪኖው የሚያገናኘው ማብሪያ) ትልቅ ገመድ መግቢያ ቡሎን፦ ከ0.3 ቮልት በታች መሆን አለበት።
ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሪኖው አካል፦ ይኸውም ከ0.3 በታች። ከበለጠ የማሳ (የኔጋቲቭ) ገመዱን ፈትተህ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ።
ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ታችኛው ቡሎን፣ ማለትም ከሶሌኖይዱ ወደ ሞተሪኖው ውስጥ የሚገባው አጭር ገመድ ያለበት፦ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ያጠራጥራል። 12 አካባቢ ካሳየ የውስጡ የመዳብ ኮንታክት አልነካካም።

የቡሬ ሹፌር፦
ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ በመዶሻ ሁለቴ ቀስ አድርገህ ብትመታው ይነሳል።

ዳሞት ኤሌክትሪክ፦
ይነሳ ይሆናል፣ አያ፤ ተጣብቆ የቆመ ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል ኃይል የሚያደርሰው) ወይም ኮንታክት ይነቀነቅና ለዚያች ሰዓት ያስኬዳል። ነገ ደጀን ላይ ያው ነው።

ሙቀት ለምን እንደሚያባብሰው ልንገራችሁ። የመዳብ ተቃውሞ በየ10 ዲግሪው 4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ያንን ዳገት በከባድ ማርሽ ወጥቶ ወዲያው የጠፋ ሞተር አየር ስለማያገኝ ሙቀቱ ሞተሪኖው ላይ ይሰፍራል። የሶሌኖይዱ ጥቅል ጉልበት ያጣል፤ ኮንታክቱ የተበላ ከሆነ ደግሞ ይሄ የደከመ ጉተታ አጥብቆ አያስነካውም።

ጠያቂ፦
ዛሬ እዚያው ላይ ለካሁት። መብራቱ አልደበዘዘም። የመጀመሪያው 0.1፣ ማሳው 0.2፣ ሦስተኛው 12.2።

ዳሞት ኤሌክትሪክ፦
ተገኘ። ሙሉ ሞተሪኖ እንዳትገዛ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ (ይህን የዘለለ ሰው የቡሎን መፍቻውን ከቦዲው ጋር ያጋጥመዋል)። ሞተሪኖውን አውርደህ የሶሌኖይዱን ክዳን ክፈት፤ ሁለት የመዳብ ኮንታክትና ባለ ዲስክ ዘንግ ታገኛለህ። አብዛኛውን ጊዜ በባትሪው በኩል ያለው ኮንታክት ጠርዙ ተቃጥሎ፣ ጎድጉዶ ነው የምታየው። ሁለቱንም ቀይር፤ ዲስኩም ከተበላ ዘንጉን ጨምር። አንዱን ብቻ ከቀየርክ ከፍታቸው ስለማይመጣጠን ዲስኩ አንዱን ነክቶ ሌላውን ይስታል። በሞረድ ማስተካከል ለመንገድ ይበቃል እንጂ አይቆይም። ካርቦኑንም በዚያው እይ፤ አጥሮ ከሆነ አብሮ ይቀየር።

የቡሬ ሹፌር፦
እሺ፣ እስኪሠራ ድረስ ግን ቁልቁል ላይ አቁም። ቁልፉ ኦን ላይ ካልሆነ የናፍታ መዝጊያው አይከፈትም፣ እየገፋችሁ ትደክማላችሁ። በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ድንገት ልቀቅ። ዳገቱን ከወጣህ በኋላም ወዲያው አታጥፋ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) ይቆይ። በካቻቢቴ ሶሌኖይዱን አገናኝቶ ማስነሳት የሚወድም አለ፤ ማርሽ ውስጥ ከሆነ መኪናው ሰው ላይ ይወጣል።

ባለ ኤንፒአር፦
ለአይሱዙም ያው ነው?

ዳሞት ኤሌክትሪክ፦
አካሄዱ ያው ነው። 24 ቮልት ከሆነ ግን ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ለካ። ድምሩ 25 ብሎ አንዱ 12.7፣ ሌላው 12.3 ከሆነ ደካማው ጤነኛውንም ይዞት ይወድቃል።