ጅማ ላይ ቲማቲም በጓሮ እንዴት ነው የምታለሙት?

የቆጪዋ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዳማ ወደ ጅማ የመጣነው በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ነው። ቆጪ የተከራየነው ቤት ደህና ጓሮ አለው። አንድ ትልቅ አቮካዶ፣ ጥቂት የቡና ተክሎች፣ ጥግ ላይ እንሰት። ሌላው ባዶ ቦታ ነው። አፈሩ ቀይ ነው፣ ሲዘንብ ጫማ ላይ ይለጠፋል።

አዳማ እያለሁ ቲማቲም አስቸግሮኝ አያውቅም። ሥራው ውሃ ማጠጣት ብቻ ነበር። እዚህ ግን ችግኙ ግንቦት ላይ ያምራል፣ ሰኔ ላይ ያብባል፣ ሐምሌ ሲገባ ቅጠሉ በእሳት የተለበለበ ይመስላል። ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይወጣበታል፣ ግንዱ ይጠቁራል፣ ፍሬው ገና ሳይቀላ ይበሰብሳል። ከጀመረው ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። አጠገቡ የተከልኩት በሶብላ ግን ምንም አልሆነም።

ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ የሚረጭ ዱቄት ሰጡኝ። ጠዋት ረጨሁት፣ ከሰዓት ዝናብ አጠበው። ልጆቼ ፍሬውን ከተክሉ ላይ ቀጥፈው ነው የሚበሉት፤ ስለዚህ ደጋግሞ መርጨቱ ልቤን አላረጋጋውም።

ጅማ ላይ ቲማቲም ይሆናል ወይ? ከሆነ መቼና እንዴት? ለወጥ፣ ለሻይና ለቡና የሚሆኑ ቅጠሎችም ልተክል አስቤያለሁ። የቱን ትመክሩኛላችሁ?

የጅሬን መንገድ ጓሮ፦

እህቴ፣ እንኳን በደህና መጣሽ። ይሆናል፣ በደንብ ይሆናል። እኔ ከጅሬን ዝቅ ብዬ ነው የምኖረው፤ በበጋ ቲማቲም ከገበያ አልገዛም።

ያልሽው ምልክት የሌት ብላይት ነው። ድንችንም ቲማቲምንም የሚጨርስ በሽታ ነው። እንደ ፈረንጆች በ1845 አየርላንድ ገብቶ ድንቹን ያጠፋውና ሕዝቡን ለረሃብ የዳረገው ይኸው ነው። ማለዳ ቅጠሉን ገልብጠሽ እዪው። በነጠብጣቡ ጠርዝ ነጭ ሻጋታ ካለ አትጠራጠሪ።

ይህ በሽታ የሚፈልገው ቀዝቀዝ ያለ አየርና እርጥብ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ከማታ እስከ ረፋድ ሳይደርቅ ካደረ ይበቃዋል። የጅማ ሐምሌ ደግሞ እንዲህ ነው። አዳማ ዝናቡ ያባራል፣ ነፋሱ ያደርቀዋል። እዚህ ግን አንዱ ዝናብ ሳይደርቅ ሌላው ይደርሳል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት ከተማ ነው። እና የእጅሽ ችግር አይደለም፤ ወቅቱ ነው።

ስለዚህ ቲማቲሙን ለበጋ አድርጊው፣ ክረምቱን ለቅጠላ ቅጠሉ ተዪለት። እኔ ብዙ ሰው ስመክር የኖርኩት ይህንን ነው።

ዘሩን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ታዛ ሥር፣ በሳጥን ውስጥ ዝሪ። ጣራው ዝናቡን ይከለክልለታል፣ ብርሃን ግን አያጣም። አራት አምስት ሳምንት ሲሆነው፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ወደ መደብ አዛውሪው። ጥቅምት ላይ ጣል ጣል የሚለው ዝናብ ችግኙን ያሳድግልሻል። አበባው የሚበዛው ኅዳር ላይ ነው፣ ሰማዩ ሲጠራ። ለገና ዶሮ የሚሆን ሰላጣ ከጓሮሽ ትቆርጫለሽ። ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ፍሬው ለመቅላት ይዘገያል፤ በዚህ አትደንግጪ።

አቮካዶው ሥር በፍጹም አትትከዪ። ቲማቲም ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘውን ቦታ ምረጪለት፤ ጤዛውን ቶሎ ያነሳለታል። መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጊው፣ በዙሪያው ቦይ ቅደጂ። በችግኝና በችግኝ መካከል 50 ሴንቲ ሜትር ተዪ። ሰዎች ቦታ ለመቆጠብ ያጠጋጉታል፤ እኔ ግን ነፋስ የማያልፍበት ቲማቲም አልወድም። በቀርከሃ ወይም በባሕር ዛፍ እንጨት ደግፊውና በቃጫ ሳታጠብቂ እሰሪው። ቁመቱ ጉልበትሽ ሲደርስ የታችኞቹን ቅጠሎች ቁረጪ። ዝናብ መሬት ሲመታ የሚረጨው አፈር በሽታ ይዞ የሚወጣው በእነሱ ነው። ከግንዱ ሥር ደረቅ ሳር መጎዝጎዝም ይረዳል።

ውሃውን በቅጠሉ ላይ አታፍስሺ፤ ሥሩ ላይ፣ ጠዋት። ቧንቧ በፈረቃ ከሆነ በርሜል ሙሉ አስቀምጪ። አንድ ሳምንት አድርቀሽ በሚቀጥለው ካጥለቀለቅሽው የፍሬው ቂጥ ይጠቁራል። ያ በሽታ አይደለም። ፍሬው ካልሲየም ሳይደርሰው ሲቀር ነው፤ ካልሲየሙን ተሸክሞ የሚወስድለት ውሃው ነው።

አሁን ጓሮሽ ያለውን የታመመ ተክል ዛሬ ንቀይው። ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ እንዳትጨምሪው። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረሽ ቅበሪው። በሽታው ወደ ጎረቤት ድንች በነፋስ ይሄዳል።

የግብርና ተማሪ፦

እትዬ በደንብ አስረድተዋል። አንድ ነገር ልጨምር። ቲማቲሙ በበጋም ቢሆን፣ ቅጠሉ ምንም ነጠብጣብ ሳይኖረው፣ አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት ከጠወለገ ሌላ ጉዳይ ነው። የባክቴሪያ አጠውልግ ይሆናል። ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ግንዱን ከሥሩ ከፍ ብለሽ በቢላ ቁረጪ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥለሽ ያዢ። ትንሽ ቆይቶ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ እሱ ነው።

ባክቴሪያው ራልስቶኒያ ይባላል። ዝንጅብልን የሚያጠወልገውም ከዚሁ ወገን ነው። በእኛ በኩል ዝንጅብል ይተከላል፤ ስለዚህ ቤቱን ያከራዩሽን ሰዎች ቀድሞ እዚያ መደብ ላይ ምን እንደነበር ጠይቂያቸው። ዝንጅብል ጠውልጎ የሞተበት መሬት ላይ ቲማቲም አትትከዪ። መድኃኒት የለውም፣ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። እንዲህ ያለ አፈር ከሆነ በትልቅ ባልዲ፣ ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር መትከል ይሻላል። ባልዲውን ከታች ቅደጂው።

ቲማቲም፣ ድንች፣ በርበሬና ደበርጃን አንድ ቤተሰብ ናቸው። እየተፈራረቁ አንድ መደብ ላይ አይተከሉ። በመሃል አደንጓሬ፣ በቆሎ ወይም ጎመን ይግባ።

ቅጠል ውስጥ ነጭ መንገድ የሚሠራ፣ ፍሬ የሚበሳ ትንሽ ትል ካየሽ ደግሞ ቱታ አብሶሉታ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የተነሳ ነው፤ እኛ አገር የታየው እንደ ፈረንጆች በ2012 ነው። በበጋ ይበረታል። ለጥቂት ተክል መርጨት አያስፈልግም። የተጠቃውን ቅጠል በየቀኑ ለቅመሽ ላስቲክ ውስጥ ቋጥሪና ፀሐይ ላይ አውዪው።

ከአጋሮ፦

አፈሩ ቀይ ነው ብለሻል። የኛ ቀይ አፈር ኮምጣጣ ነው። ከምድጃ የሚወጣ የእንጨት አመድ አትጣዪ። ስትተክዪ በየጉድጓዱ አንድ እፍኝ ከአፈሩ ጋር ቀላቅዪ። ከዚያ በላይ ግን አታብዢ።

የቡና ገለባ ከመፈልፈያ ቦታ ታገኛለሽ። ጥሬውን ግን ተክል ሥር አትቅበሪ። ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚሻማ ቲማቲሙ ቢጫ ይሆናል። ከከብት ፍግና ከእርጥብ ቅጠል ጋር ደራርበሽ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍነሽ፣ እያገላበጥሽ ጥቂት ወራት አቆዪው። ጥቁር ሆኖ የአፈር ሽታ ሲኖረው ደርሷል። አሁን ብትጀምሪው ለመስከረም ሙሉ በሙሉ ላይደርስልሽ ይችላል፤ ለዘንድሮ የበሰበሰ ፍግ ፈልጊ።

የቆጪዋ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማለዳ ገልብጬ አየሁት፣ ነጩ ሻጋታ አለ። ዛሬውኑ ነቅዬ እቀብራለሁ። እትዬ፣ በላስቲክ ጣራ ሸፍኜ በክረምትም ብሞክርስ? ደግሞ ስለ ቅጠሎቹ አልነገሩኝም። የትኛውን ዘር እንደምገዛም ቢነግሩኝ።

የጅሬን መንገድ ጓሮ፦

ጣራው ይሠራል። አራት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ አዘንብሎ ውሃ የሚያወርድ ላስቲክ። ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ፤ ከዘጋሽው እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና የባሰ ይሆናል። ለጥቂት ተክል ያዋጣል። እኔ ግን ለላስቲክ የማወጣውን ገንዘብ ለዘር ባደርገው እመርጣለሁ። ከዘር የመልካሳ ምርምር ማዕከል ያወጣው መልካ ሾላ ካገኘሽ እሱን ያዢ። ዲቃላ ዘር ከገዛሽ የፍሬውን ዘር ለሚቀጥለው ዓመት አታስቀምጪ፣ እናቱን አይመስልም። ልጆቹ እየቀጠፉ የሚበሉት ከሆነ ትንንሾቹን፣ ቼሪ የሚባሉትን፣ ሁለት ተክል ጨምሪላቸው። ቶሎ ይደርሳሉ፣ በሽታም ብዙውን ጊዜ ይችላሉ።

ቅጠሎቹን በደስታ ነው የምነግርሽ። ክረምቱ የእነሱ ነው። ኮሰረት ቀንበጥ ቆርጠሽ ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ ብትሰኪው ይይዛል። ለቅቤ ማንጠሪያ ከራስሽ ጓሮ ቆርጠሽ ስትጨምሪ ሽታው ሌላ ነው። ጠጅ ሳር ከጉቶው ተከፍሎ ይተከላል፤ ውሃ በሚወርድበት ተዳፋት ዳር አድርጊው፣ አፈሩንም ይይዝልሻል። ለሻይ የሚሆነው እሱና ናና ናቸው። ናናን ግን በጣሳ ትከዪ፣ መሬት ላይ ከለቀቅሽው መደቡን ሁሉ ይወርሰዋል።

በሶብላሽ ለምግብ ቅጠሉን ከፈለግሽ አናቱን እየቆረጥሽ አበባውን አዘግዪው። ለበርበሬና ለሽሮ ከሆነ ግን እንዲያብብ ተዪው። አበባውን ከነዘለላው ቆርጠሽ ጥላ ላይ አድርቂ። ፀሐይ ላይ ካሰጣሽው መዓዛው ይጠፋል። በክረምት ማድረቅ ስለማይሆን ለዚህ የሚሆነውን ጥቅምት ላይ እንዲያብብ አድርገሽ ዝሪ።

አቮካዶው ሥር ኮረሪማ ትከዪ። ጥላ የሚወድ፣ የኛው የደቡብ ምዕራብ ጫካ ልጅ ነው። ፍሬ ለመስጠት ዓመታት ይፈልጋል፤ ቤቱን ረዘም አድርጋችሁ ከተከራያችሁት ግን አትለፊው።

ጦስኝ ላይ አትድከሚ። የደጋ ተክል ነው፣ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው ደስ የሚለው። ጅማ 1,750 ሜትር ገደማ ናት፣ ርጥበቱም ሥሩን ያበሰብሰዋል። የጥብስ ቅጠልም ውሃ የሚቋጥር መሬት ስለማይወድ አሸዋ ቀላቅለሽ በማሰሮ ታዛ ላይ አድርጊው። ጤና አዳምም እንደዚሁ። ለቡናሽ አንዷ ቁጥቋጦ ትበቃሻለች። ግን ፀሐይ ባለበት ቀን እንዳትቆርጪው፣ ልጆቹም እንዳይነኩት። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ቃጠሎ ውሃ ይቋጥራል። እኔ ማታ ነው የምቆርጠው፣ እጄንም ወዲያው በሳሙና እታጠባለሁ።