«ዝግ ያለ ነው፤ የተዘጋ ግን የለም» ማለት ምን ማለት ነው?

የእናቴ ልጅ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ በቅርቡ የልብ አንጂዮግራም (ቀለም ተለቆ የልብ ደም ሥሮች የሚታዩበት ምርመራ) ተነሥታ ነበር። ሐኪሙ ውጤቱን ሲነግራት «የልብዎ የደም ፍሰት ዝግ ያለ ነው፤ የተዘጋ ደም ሥር ግን የለም» አላት። እሷ «ዝግ ከሆነ እንዴት አልተዘጋም? ደብቀውኛል» ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ላስረዳት ብዬ ሳነብ ደግሞ «ዝግታው ከደም መልሱ ክዳን አፈጣጠር ጋር ሊያያዝ ይችላል» የሚል ገጠመኝ። «ዝግ» እዚህ ምንድን ነው? ደም አምጪው ዘገየ ሲባልስ የመላሹ ክዳን ምን አገባው?

ዘዋሸራ፦ ቀላል ነው። «ዝግ አለ» ሲባል ገ ይጠብቃል፤ እንደ «ዝም አለ»፣ «ቀስ አለ»። «በሩ ዝግ ነው» ሲባል ይላላል። ሁለት ቃል ነው። ፊደላችን የማጥበቂያ ምልክት ስለሌለው ሰው ይምታታበታል።

ኩርፍተኛው፦ መምህር፣ እናትየዋ እኮ የሰሙት በጆሯቸው ነው፤ መቼ አነበቡት? ሐኪሙ አጥብቆ ከተናገረ ምኑ ተምታታ?

ዘዋሸራ፦ ሐኪሙ አላልቶት ይሆናላ። የዛሬ ልጅ ማጥበቅ የት ያውቃል!

የደሴ ልጅ፦ እኛ ጋ «ሱቁ ዝግ ነው» ስንልም እናጠብቃለን። ጆሮ ያለው ይስማ።

ዘዋሸራ፦ የአገር አነጋገር ለሰዋስው ምስክር አይሆንም።

ኩርፍተኛው፦ ታዲያ ምኑ ይሁን? «ዘጋ» ራሱ የግእዝ አይደለም፤ ግእዙ «ዐጸወ» ነው። አንተም የምትመሰክረው ከሰፈርህ ነው።

መዝገበ ቃል፦ እኔ ሦስተኛ ሥር አለኝ። «ዝግታ» ከ«ዘገበ» የወጣ ነው፤ አከማቸ፣ ሰበሰበ። የተከማቸ ነገር ሁሉ ዝግ ይላል። መዝገብ ቤት ጉዳይ ኖሮት የሄደ ሰው ይረዳኛል።

የደሴ ልጅ፦ 😂 በዚህስ እስማማለሁ። ማስረጃም አያሻውም።

ስቴቶስኮፕ፦ ከሥሩ በፊት ነገሩን ላስቀምጥ። ሐኪሙ ያለው ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸ ሁኔታ ነው፤ ይህ ነው የሚባል ጥበት ሳይኖር፣ በልብ ደም ቅዳ ውስጥ የሚለቀቀው የምርመራ ቀለም ጫፍ ለመድረስ ይዘገያል። መዘግየቱ በዓይን ግምት ብቻ አይተውም፤ ምስል ይቆጠራል። በሰከንድ 30 ምስል በሚያነሣ መሣሪያ ቀለሙ የተወሰነ ቦታ እስኪደርስ ከ27 ምስል በላይ ካለፈ ዝግ ብሏል ይባላል። በግራ በኩል ወደ ፊት የሚወርደው ደም ቅዳ ከሌሎቹ ስለሚረዝም ቁጥሩ ለ1.7 ይካፈላል። ስለዚህ «ዘገየ» እንጂ «ተዘጋ» አይደለም።

ስለ ክዳኑ፦ የልብ ጡንቻ የተጠቀመበት ደም አብዛኛው ከልብ ጀርባ ባለ አንድ ሰፊ ደም መልስ ተጠራቅሞ ወደ ቀኙ የላይኛ ክፍል ይገባል። መግቢያው አፍ ላይ ስስ ክዳን አለ፤ በጀርመናዊው ቴቤሲየስ ስም ይጠራል። ወደ ውስጥ ዘልቆ ደግሞ በፈረንሳዊው ቪዩሳንስ ስም የሚጠራ ሌላ አለ። የቴቤሲየስ ክዳን አንዳንድ ሰው ላይ ጭራሽ የለም፤ አንዳንዱ ላይ አፉን ከሞላ ጎደል ይሸፍነዋል፤ ቀጭን ቱቦ በዚያ የሚያስገቡ ሐኪሞች ያማርራሉ። ያነበብከው ሐሳብ መውጫው ከጠበበ ከኋላ ግፊት ይጨምራል፣ ከፊት የሚመጣውም ይዘገያል የሚል ነው። ግን መላ ምት ነው። ብዙው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው በዓይን የማይታዩትን ቀጫጭን ደም ሥሮች ነው፤ እዚያ ያለው ተቃውሞ ሲበረታ ፍሰቱ ይንቀረፈፋል።

ዘዋሸራ፦ ጥሩ ብለሃል ዶክተር፤ «ክዳን» ግን አልወደድኩትም። ክዳን የሚደፋ ነው፤ ይህ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። «ኆኅት» በሉት። «አርኅዉ ኆኃተ መኳንንት» የሚለውን ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል።

ኩርፍተኛው፦ ኆኅት ደጁ ነው። የሚዘጋው ነገር «ማዕጾ» ነው። ቅኔ ቤት ስትውል ይህን አላስተማሩህም?

ዘዋሸራ፦ እኔን ስለ ማዕጾ! አንተ «ሥር»ን በእሳቱ ሰ የምትጽፍ ሰው!

ኩርፍተኛው፦ የት ጻፍኩ? አሳየኝ።

ዘዋሸራ፦ ባለፈው ወር «የደም ስር ግፊት» ብለሃል። በንጉሡ ሠ ነው፤ ግእዙ «ሥርው» ነው፤ የዛፉም ሥር፣ ጅማቱም በአንድ ስም ይጠራል። «የአንገቱ ሥር ተገተረ» የሚባለውም ከዚያ ነው።

የደሴ ልጅ፦ የአንተ አሁን ተገትሯል መሰለኝ።

የእናቴ ልጅ፦ ስቴቶስኮፕ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ለእናቴ «ዝግ» ሳልል እንዴት ልንገራት? «ቀርፋፋ» ብላት ትቀየማለች።

መዝገበ ቃል፦ «የተረጋጋ» በላት።

ስቴቶስኮፕ፦ አይሆንም! ደም ረጋ ማለት ሌላ በሽታ ነው። እንደዚያ ካልካት ሌሊቱን ታመጣታለህ።

ዘዋሸራ፦ እኔ የገረመኝ «ኮሮናሪ» የሚሉት የልብ ደም ቅዳ እስከ ዛሬ የአማርኛ ስም ማጣቱ ነው። በላቲን ዘውድ ነው፤ ደም ሥሮቹ ልብን እንደ አክሊል ስለሚዞሩት። «አክሊላዊ ደም ቅዳ» ብንለው ምን ይጎድላል?

ኩርፍተኛው፦ አክሊልና ዘውድ አንድ ናቸው ያለህ ማነው?

ዘዋሸራ፦ አዲስ ርእስ እከፍታለሁ። እዚያ እንገናኝ።